ወይዘሮ ካስክ፣ መስመር አንሺዋ

«ወይዘሮ ካስክ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት በውል አይታወቅም። ጎረቤቷ ያለው የመኪና ማጠቢያ፣ የላቫጆው ባለቤት «እኔ ነኝ» ይላል፤ እሱ ግን መንገዱን አስፋልት ያስደረገውም፣ ያለፈውን ዝናብ ያስቆመውም «እኔ ነኝ» ባይ ስለሆነ ምስክርነቱን የሚይዝለት የለም። ማንም ያውጣው ማን፣ ስሙ ልክክ ብሎላታል። በጠባቧ ፀጉር ቤቷ ውስጥ ያለው ካስክ አንድ ብቻ ነው፤ ጭንቅላት ላይ ተደፍቶ፣ ሲበራ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ከሱ ስር የተቀመጠች ሴት የገዛ ድምጿን እንኳ እንዳትሰማ የሚያደርግ አሮጌ ማድረቂያ። እሷም ብትሆን አንዴ ወሬ ከጀመረች ሌላ ድምፅ አታሰማም።

ሰው አሁን የሚያውቃት ግን ከፀጉር ይልቅ በመኪና ነው። በመኪናው ጎን ከፊት መብራት እስከ ኋላ መብራት የተለጠፈው የጌጥ መስመር የሰለቸው፣ ያፈረበት ወይም ከለጠፈለት ሰው ጋር የተጣላ ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚነዳው። ፀጉር ሠሪን ከመኪና ጋር ምን አገናኛት የሚል ካለ፣ ነገሩ ወዲህ ነው።

ላቫጆውና ፀጉር ቤቱ አንድ ግቢ ይጋራሉ። አንድ ቀን የላቫጆው ባለቤት በበሩ ብቅ አለና «ያቺን የእጅ ማድረቂያሽን ላንድ አፍታ» አላት። ሰጠችው። አንድ አፍታው እየረዘመ ሲሄድባት፣ ይሄ ሰው ወይ አቃጥሎታል ወይ ሸጦታል ብላ ብትወጣ፣ አንድ ነጭ መኪና ፊት ተንበርክኮ በአንድ እጁ ሙቅ አየር እየነፋ በሌላው በምላጭ መስመሩን ይፍቃል። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። መስመሩ በቁርጥራጭ እየተነሳ ከስሩ ያለው ቀለም አብሮ እየተጫረ ነው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው።

«መስመሩን እያነሳሁ።»

«እኔ ደግሞ ፂሙን የምትላጨው መስሎኝ።»

ምላጩን ከእጁ ነጥቃ ቆሻሻው ውስጥ ጣለችው። ማድረቂያውን ይዛ የመስመሩን ጫፍ ብቻ አሞቀችው፤ ሙቀቱን በእጇ ጀርባ ለካች፤ ጫፉን በጥፍሯ ብድግ አድርጋ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ቀለሙን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ዝቅ አድርጋ ቀስ እያለች ሳበችው። እየሳበች ፊት ፊቱን ታሞቃለች። ከደንበኛ ራስ ላይ በሙጫ የተቀጠለ የሰው ፀጉር ስታነሳ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የራስ ባለቤት ይጮሃል፣ መኪና ዝም ይላል። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ሳይበጠስ ወጣ። የቀረውን ሙጫ ዘይት በነካ ጥጥ አሽታ በሳሙና አጠበችው። የማጠቢያ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሹፌሮች አጨበጨቡ። የላቫጆው ባለቤትም አብሮ አጨበጨበና «አየሽ እንዴት እንዳሳየሁሽ!» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ፀጉርም መኪናም ሆነ። ልማዷን ግን አልለወጠችም። ፀጉር ስትሠራ ደንበኛዋ ዝም ካለች እጇ ይተሳሰራል፤ መኪናም ላይ እንደዚያው ነው። ባለመኪናው ትንሿን ዱካ ከጎማው አጠገብ አስጠግቶ መቀመጥና መስመሩን ለምን እንደሚያስነሳ መናገር አለበት። ካልተናገረ ማድረቂያውን ታጠፋና «ገመዱ ተበላሽቷል» ትላለች። ገመዱ የሚድነው ሰውየው አፉን ሲከፍት ነው።

ስንቱን ሰማች! አዲስ የተሾመ አንድ ሰው «መስመሩ ጎረምሳ ያስመስለኛል» ቢላት፣ ራሰ በራውን አየት አድርጋ «ይሄ መስመር ትልቅ ጉልበት አለው ማለት ነው» አለችው። ሌላው ደግሞ የቀድሞ እጮኛው በመረጠችለት ቀይ መስመር የተነሳ መኪናው ውስጥ በገባ ቁጥር የሚታዘዝ እየመሰለው ተቸግሮ ነበር። ትስቅባቸዋለች፤ ያውም ፊት ለፊታቸው። ወሬውን ግን አታወጣም። «ወንበሬ ላይ የተነገረ ወንበሬ ላይ ይቀራል» የሚል ቃል አላት፤ ዱካዋም በዚሁ ሕግ ትተዳደራለች። ይህ እሷን ለመሰለች ሴት ቀላል ነገር አይደለም። ምስጢር ሆዷን ይነፋታል። ሲብስባት በሯን ገርበብ አድርጋ ለመስታወቱ ትነግረዋለች። መስታወቱ እስከ ዛሬ አላሳጣትም።

በሥራዋ የማትወደው ነገር አንድ ነው፤ ጥላው። መኪና ፀሐይ ላይ ሲውል ሲያድር ቀለሙ ይገረጣል፤ ከመስመሩ ስር ያለው ግን ፀሐይ ስላላየ እንደ አዲስ ይቆያል። መስመሩ ሲነሳ ያ ይቀራል፤ ሰዓቱን ያወለቀ ሰው ክንድ ላይ እንደሚታየው። እሱን ለማጥፋት ጎኑን በሙሉ በፖሊሽ ደጋግሞ ማሸት ይጠይቃል። ደንበኞቿ «ማን ያየዋል?» ብለው ሊነዱ ይቸኩላሉ፤ እሷ ደግሞ ቁልፋቸውን ኪሷ ከታ ታሻለች።

እንግዲህ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ባለ መስመሩ ራሱ መጣ።

ባለ መስመሩ የታክሲ ሹፌር ነው። ጥቁር ሰማያዊ አሮጌ መኪናው በሁለቱም ጎኖቿ ሁለት ሁለት ቀጫጭን ወርቃማ መስመሮች አሏት፤ ከፊት መብራት ተነስተው፣ በሮቹን አቋርጠው፣ ኋላ ሲደርሱ እንደ ተጠቀለለ ፀጉር ይጠማዘዛሉ። ሌላው ሰው ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ እሱ መስመሮቹን በፖሊሽ ያሻል። ከሩቅ ብቅ ስትል ገና አፍ ያልፈቱ ልጆች ሳይቀሩ ጣታቸውን ይቀስሩባታል። በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው። እና ይኸው ሰው ግራ ቀኙን እየቃኘ ግቢ ገባ፤ መኪናዋን የሹፌሩን በኩል ወደ ግድግዳው፣ ሌላውን ጎኗን ወደ ፀጉር ቤቱ በር አድርጎ አቆማትና «አንሺልኝ» አለ።

የወይዘሮ ካስክ ማበጠሪያ ከእጇ ወደቀ።

«ምኑን ጋሼ?»

«መስመሩን ነዋ።»

«አሞዎታል እንዴ?»

«አንሺ አልኩሽ እኮ! ሁለቱንም ጎን። ቶሎ በይ።»

ዱካውን አመጣችለት። ወደ ፀጉር ቤቱ ከሚያየው ጎን ጀመረች፤ ጫፉን አሞቀች፣ ብድግ አደረገች፣ መሳብ ጀመረች። ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። ጥርስ የሚነቀልለት ሰው ነበር የሚመስለው።

ዝምታው ሲረዝምባት «ይሄ ገመድ...» ከማለቷ፣ «ገመዱን ተይው፣ እናገራለሁ» አላት። ለካ ስሟ ቀድሟት ሄዷል።

ከመናገሩ በፊት ግን ታሪኩን ግማሹን ታውቀዋለች። የባለ መስመሩ ሚስት የዓመታት ደንበኛዋ ናት። አንዲቷ ልጃቸው ጎሚስታ አገባች፤ ጎማ የሚጠግን፣ እጁ ጥቁር፣ ጥርሱ ነጭ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው። አባትየው ዘመድ በተሰበሰበበት ብድግ አለና «የሷን ደጅ የረገጠ የኔን ደጅ አይርገጥ!» ብሎ ቃል ተናገረ። ለምን ያሉትን «ሥራው ሥራ አይደለም» ይላቸዋል፤ ጎማው ተንፍሶ የማያውቅ ሹፌር ይመስል። እናትየው አለቀሰች፣ እሷም ከመሄድ ቀረች። የልጅ ልጅ ስትወለድ ግን አንጀቷ አልቻለም። «ገበያ ደርሼ ልምጣ» እያለች ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላ ጠዋት ጠዋት ልጇ ቤት መመላለስ ጀመረች። ይህን ሕፃኗ በተወለደች ሰሞን ለወይዘሮ ካስክ ስትነግራት «ያ ሰውዬ ከሰማ ጉዴ ፈላ» ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳችውም፤ ወይዘሮ ካስክም ምስጢሩን እንደታቀፈች ነው ያለችው።

«ልጄ ቤት እየሄድኩ ነው» አለ ባለ መስመሩ፣ ለጎማው የሚያወራ ይመስል አንገቱን ደፍቶ።

እጇ ላይ ያለውን መስመር ልትበጥሰው ነበር።

«ከመቼ ወዲህ ጋሼ?»

«ሕፃኗ ከተወለደች። ከሰዓት ከሰዓት፣ ያ ባሏ ሥራ ላይ ሲሆን ነው የምሄደው። አንዴ አይቻት ልመለስ ብዬ ሄድኩ። ጣቴን ያዘችኝ። እንዲህ አድርጋ።» አመልካች ጣቱን በሌላው እጁ ጨብጦ አሳያት። «ከዚያ በኋላ እንዴት ይቀራል?»

«አይቅሩዋ! ማን ይቅሩ አለዎት?»

«ይቺ መኪና ናት ያስቸገረችኝ። የትም ባቆማት ሰው ያውቃታል። ትናንት አንዱ ሰው ‹ጎሚስታው ሰፈር ምን ትሠራለህ?› ብሎ በመንገድ ያዘኝ። ዛሬ ለሱ፣ ነገ ለሚስቴ ጆሮ። እኔ ነኝ የከለከልኳት። በዘመድ ፊት፣ እያለቀሰች። አሁን ምን ብዬ ዓይኗን አየዋለሁ?»

«እውነቱን ቢነግሯትስ?»

«ቃሌን ዋጥኩት ልበላት? ትንቀኛለች እኮ! ከሷ ንቀት የዚህ መስመር መሄድ ይሻለኛል።»

ይህን ሲል ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ጎተተው። ወይዘሮ ካስክ ልታሾፍ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። ግን ለብዙ ጊዜ መዝጋት አይሆንላትም።

«ለመሆኑ ጎሚስታውን ለምን ጠሉት? ሥራው የሚለውን ለዘመድ ይንገሩ። ለእኔ የእውነቱን።»

ሰውየው ዱካው ላይ ተቁነጠነጠ። «ሊተዋወቀኝ የመጣ ቀን» አለ፣ «መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት። መስመሩን አየ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አባባ፣ ይቺ መኪና ፒጃማዋን ሳታወልቅ ነው እንዴ የምትወጣው?»

ወይዘሮ ካስክ የወደቀ ነገር የምትፈልግ መስላ ከመኪናዋ ስር አጎነበሰች። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። የፈለገችው ነገር እስኪገኝ ጥቂት ቆየ።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አላት። «እሱም ስቆ ነበር።»

የዚያኛው ጎን አለቀ። ሙጫው ታሽቶ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ ፖሊሹ ብቻ ቀረው። ባለ መስመሩ ከዱካው ተነስቶ ባዶውን በር አየው፤ ሊነካው እጁን ዘረጋና መለሰው። «የሌላ ሰው መኪና መሰለች» አለ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ካስክ የምር አዘነችለት። ሆዷ ውስጥም ሁለቱ ምስጢሮች ተፋጠጡ። አንዷ ጠዋት ትሄዳለች፣ አንዱ ከሰዓት ይሄዳል፤ እሷ እሱን ትፈራለች፣ እሱ እሷን ይፈራል፤ ያቺ ምስኪን ልጃቸው እናቷ የጠጣችበትን ስኒ አጥባ ሳትጨርስ ለአባቷ በር ትከፍታለች። ከወይዘሮ ካስክ አፍ አንዲት ቃል ብትወጣ ሁሉም ያበቃ ነበር። ቃሉ ግን የወንበር ነው፤ የወንበር ቃል ደግሞ አይወጣም። ተዘዋውራ ወደ ሹፌሩ በኩል፣ በመኪናዋና በግድግዳው መሃል ገባች፤ ማድረቂያዋን አበራች።

በዚህ መሃል የግቢው በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።

«ሚስቴ!» አለ ባለ መስመሩ፣ ትንፋሽ ባጣ ድምፅ። ትልቅ ሰው መሆኑን ረስቶ ወደ ግድግዳው በኩል ዘለለና ወይዘሮ ካስክ እግር ስር ቁጢጥ አለ። «የለም በያት!»

«ማን መጣ ብላ ጠየቀችኝ?» አለችውና ትታው ወጣች።

ሚስትየው ዘንቢሏን አንጠልጥላ መጣች። መስመር የሌላትን ጥቁር ሰማያዊ መኪና አለፈቻት፤ መሃል ላይ ቆም ብላ ዘንቢሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና መንገዷን ቀጠለች። «ዛሬ እንኳን ሳይሠራ አልመለስም፣ ይሄ ፀጉሬ የወፍ ጎጆ መስሏል» እያለች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ካስክ አጠበቻት፤ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቀለለችው። ስትጠቀልል ዓይኗ በመስኮቱ መኪናዋ ላይ፣ ሐሳቧ ደግሞ ካስኩ ላይ ነበር።

ካስክ ስር የገባ ሰው ሁሉ ይጮሃል። የገዛ ድምፁን ስለማይሰማ ያንሾካሾከ እየመሰለው ይጮሃል። ይህን ማንም ፀጉር ሠሪ ያውቃል፤ በዚሁ የተነሳ ወይዘሮ ካስክ ካስክ ስር ያለችን ደንበኛ ምስጢር አትጠይቅም ነበር። «ወንበሬ ላይ የተነገረ ወንበሬ ላይ ይቀራል» ማለት ግን እኔ አላወጣም ማለት ነው እንጂ፣ ባለቤቷ ራሷ ጮኻ ካወጣችው የወንበሩ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? ይህን ሕግ ያሻሻለችው እዚያው፣ የመጨረሻውን ቢጎዲን ስታጠብቅ ነው። ካስኩን ደፋችባት። «ኡፍ፣ ሙቀቱ!» ብላ ወደ ግቢው የሚያየውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻ አዞረችው። ካስኩ አጓራ።

ፊት ለፊቷ ቆመችና ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ክንዷን አወዛወዘች።

«ጥርስ አወጣች!» አለች ሚስትየው። የላቫጆው ሠራተኞች ዞረው አዩ።

ወይዘሮ ካስክ ቀጠለች። በጣቷ ከአፍንጫዋ ስር የባለ መስመሩን ሪዝ ሣለች፤ ከዚያ ጆሮዋን ያዘች፤ ከዚያ እጆቿን ዘረጋች። ቢሰማስ ማለቷ ነው።

«ማን? እሱ?» አለች ሚስትየው እየጮኸች። «እሱማ ከሰዓት ከሰዓት ይሄድ የለ እንዴ!»

ወይዘሮ ካስክ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ወጥመዱን ያጠመደችው ለሰውየው ነበር፤ ቀድማ የገባችበት ራሷ ሆነች።

«ያ... ያውቃሉ?» አለቻት በከንፈሯ ብቻ።

«ሕፃኗ ፖሊሽ ፖሊሽ ትሸታለቻ! ብርድ ልብሷን ሳነሳው የሱ እጅ ነው የሚሸተኝ! በዚህ ሰፈር ጠዋት ጠዋት በፖሊሽ የሚታጠብ ሌላ ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ወይዘሮ ካስክ አሁን ምልክቱን ረስታ ወደ ካስኩ ጠጋ ብላ እሷም ትጮሃለች።

«አፍሮ እንዳይቀርባት ነዋ! ያ ሰው ከሚያፍር ቢታመም ይመርጣል! ይሂድላት፣ ተደብቆም ቢሆን ይሂድላት አልኩ! ጠዋቱን እኔ ያዝኩ፣ ከሰዓቱን ለሱ ተውኩለት!» ትንፋሽ ወሰደች። «እኔ ሄደ ብዬ አልንቀውም! የናቅኩትስ ሳይሄድ የቀረ ጊዜ ነበር!»

ግቢው ውስጥ መኪና የሚያጥበው ሰው የያዘው ቱቦ ውሃውን ሌላ ሰው ጫማ ላይ እያፈሰሰ ነው፤ ባለ ጫማውም አላስተዋለም። ወይዘሮ ካስክ በመስኮቱ ብትመለከት፣ ከመኪናዋ ጣሪያ በላይ አንድ ራስ ቀስ ብሎ ወጣ። ኮፍያው ተጣሟል። አፉ ተከፍቷል። ጥቂት ቆየና ቀስ ብሎ ተመልሶ ጠለቀ።

ካስኩን አጠፋችው። ቢጎዲኑን እያወጣች የሰማችውን በሆዷ ታመላልሳለች፤ ሁለት ጊዜም ሳይታወቃት ፀጉር ጎተተች። ሚስትየው በመስታወቱ ውስጥ ትኩር ብላ ታያታለች። ከዚያ በለሆሳስ፣ ካስክ እንደሌለበት ሰው፣ «ለመሆኑ መኪናዋን መቼ ትጨርሽለታለሽ?» አለቻት።

«የ... የቷን መኪና እትዬ?»

«አትልፊ። ስገባ የመስመሩን ጥላ አየሁት። ሰውየው ያን መስመር ሲያሽ አብሬው አርጅቻለሁ፤ ጫፉ ላይ እንዴት እንደሚጠማዘዝ ዓይኔን ጨፍኜ እስልልሻለሁ። ደግሞ የሚደበቅ ሰው ጫማውንም መደበቅ አለበት፤ በመኪናዋ ስር ይታያል እኮ።»

ወይዘሮ ካስክ ወገቧን ይዛ ቆመች። «እና እየሰማ መሆኑን እያወቁ ነው ያን ሁሉ የጮኹት?»

«ካስክ ስር ሰው እንደሚጮህ የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ? መስኮቱን ስትከፍቺልኝማ ልስምሽ ቃጥቶኝ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። መስታወቱ ውስጥ ግን የሚስትየው ዓይኖች እንባ አቅርረው ነበር።

«ዝም ብዬ ልኖር ነበር ሐሳቤ» አለች። «እሱ ሲደበቅ እኔ እንዳላየ ሆኜ፣ እስከፈለገው ድረስ። መስመሩን ማስነሳቱን ሳይ ግን አላስችለኝ አለ። ያ ሰው ለሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ መስመር አልተጨነቀም። እሱን ካስነሳማ ምን ቀረው? ራሱን ገፎ እስኪጨርስ ቁጭ ብዬ ልየው?»

ወይዘሮ ካስክ ፀጉሯን አበጠረችላት፤ ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፈችላት፤ ትከሻዋን በፎጣ ጠረግ ጠረግ አደረገችላት። ከዚያ የእጅ ማድረቂያዋን አንስታ ወጣች።

ባለ መስመሩ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ መዳፉን ወርቃማዎቹ መስመሮች ላይ አሳርፏል። የሱሪው ቂጥ የሳሙና ውሃ ጠጥቷል። ቀና ብሎም አላያት።

«ልቀጥል ጋሼ?»

«ተይው።»

«ምኑን ተይው? አንዱ ጎን ተነስቶ አንዱ ሊቀር ነው? የሰው መሳቂያ ሊሆኑ?»

«ይሳቁ።»

«እሺ፣ ያኛውን ልመልስልዎት? የሚለጥፍ ሰው አውቃለሁ።»

«አልፈልግም። ይሄኛው ጎን ብቻ ይበቃኛል።» ተነሳ፤ ኮፍያውን አስተካከለ። «ልጄ በር ላይ ሳቆማት ወደ መንገዱ የሚታየው የሹፌሩ በኩል ነው። ማን እንደቆመ አላፊ አግዳሚው ይወቀው። ያም ጎሚስታ ከፈለገ ያሹፍ። ጥሩ አድርጎ ያሹፍ።» እጅጌውን ወደ ዓይኑ አስጠጋና ፖሊሽ እንደነካው ሰው አሸት አሸት አደረገ።

ሚስትየው በሩ ላይ ቆማለች። ፀጉሯ ያምራል። ዘንቢሏን በሁለት እጇ ከፊቷ ይዛዋለች። ባልና ሚስት የመኪናዋን ጣሪያ አሻግረው ተያዩ። ወይዘሮ ካስክ ከሁለቱ መሃል መውጣት እንዳለባት ታውቃለች፤ እግሯ ግን እምቢ አላት፤ ይህን ሳታይ ብትገባ ዕድሜ ልኳን ይቆጫታል።

ሰውየው ነው ቀድሞ የተናገረው። «ዛሬ አልሄድሽም እንዴ?»

«ፀጉሬን ልሠራ ብዬ ጠዋቱ አመለጠኝ» አለች። «አንተስ?»

«የኔ ገና ነው።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ሰውየው ቁልፉን ከወይዘሮ ካስክ እጅ ተቀበለ፤ መኪናዋን ዞረ፤ መስመር የሌለበትን በር ለሚስቱ ከፈተላትና እንደያዘው ቆመ።

«እንግዲያው በመሃሉ እንሂዳ» አለ።

ሚስትየው ባዶ ዘንቢሏን ወደ ኋላ ወንበር ወርውራ ገባች። ከበሩ ሲወጡ ወርቃማው ጎን ለመንገዱ፣ ባዶው ጎን ለግቢው ታየ፤ የላቫጆው ባለቤት «እኔ ነኝ ግማሹን ተዉት ያልኳቸው» ሲል ተሰማ።

ወይዘሮ ካስክ ማድረቂያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ያቺ ልጅ ሁለቱን ባንድ ላይ ደጇ ላይ ስታያቸው ማንን ከማን እንደምትደብቅ፣ አባቷን ወደ ጓዳ፣ እናቷን ወደ ጎረቤት ልትገፋ እንዴት እንደምትራወጥ ታያት። ሳቋ ከሆዷ ፈነዳ። ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፣ ሳቀች፣ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነባት፤ እሱንም አልከለከለችውም።